ገዳዩ የእድራችን ጸሐፊ ቢሆንስ?

ይህ ስለ አስፈሪ ፊልም (ሆረር) የምንወያይበት ክር በጣም ረዝሟል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተመለሰውን ጥያቄ ደግመው እየጠየቁ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተነስቼ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላውራችሁ። የምወደው ጉዳይ ስለሆነ መሃል መሃል ላይ የራሴንም እጨምራለሁ።

ክሩን የከፈተው የደሴ ልጅ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ይኖራል፣ ስልክ ይጠግናል። የሚወደው ሆረር ጭራቅና መንፈስ ያለበት አይደለም። ባልና ሚስት ናቸው እንበል። ልጅ ያሳድጋሉ፣ ቅዳሜ ግቢያቸውን ይጠርጋሉ፣ ለጎረቤት ሰላምታ አይነፍጉም። ማታ ሰው ይገድላሉ። ሁሉንም ራሳቸው በካሜራ ይቀርጹታል፤ እኛ የምናየው ከተያዙ በኋላ ተገኘ የተባለውን ቪዲዮ ነው። ፋውንድ ፉቴጅ የሚባለው ማለት ነው። ልጁ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛ፣ በስልክና በባዶ ኪስ ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ፊልም መሥራት ይቻላል ወይ? ሁለተኛው ይከብዳል። የፈረንጆቹ ገዳዮች የሚኖሩት ቤትና ቤት በተራራቀበት፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ በሩ ከወረደ ማንም በማያይበት ሰፈር ነው። እኛ ጋ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። እዚህ ታሪኩን ማን ያምነዋል?

መልስ ቁጥር 1 በጨዋ ደንብ ጀመረ። ገንዘብ ሰበብ አይሁን ብሎ የ«ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን ነገር አነሳ። ኦረን ፔሊ ያንን ፊልም የቀረጸው ሳንዲያጎ ባለው የገዛ ቤቱ ውስጥ ነው። ሁለት ዋና ተዋናዮች፣ አንድ ሳምንት ገደማ፣ 15,000 ዶላር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲኒማ ቤቶች በሰፊው ሲያሳዩት ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ቁጥር 2 ወዲያው አረመው። 15,000ው የቀረጻው ወጪ ነው፤ ስቱዲዮ ከያዘው በኋላ መጨረሻው ተቀይሯል፣ ለማስታወቂያም ብዙ ብር ፈሷል። መንገዱን የከፈተውም እሱ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ በ1999 «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ነበር። ከሱም በፊት በ1980 የወጣ የጣሊያን ፊልም አለ። ዳይሬክተሩ ሩጄሮ ዴዎዳቶ ተዋናዮቹን በእውነት አስገድለሃል ተብሎ ተከሶ፣ ሰዎቹ በሕይወት መኖራቸውን ለፍርድ ቤት ማሳየት ግድ ሆኖበታል። ልጁ እርማቱን በደስታ ተቀበለ። ቁጥር 3 እና 4 ፊልሞቹ የት ይገኛሉ ብለው ጠየቁ፤ እለፏቸው።

ክሩ የሞቀው በቁጥር 5 ነው። ጸሐፊው የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ፊልም በደንብ ያያል። እሱ እንዳለው በዚህ ዘውግ የሚያስፈራው ደሙ አይደለም፤ ከደሙ በፊትና በኋላ ያለው ተራ ቀን ነው። ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1992 ቤልጂየም ውስጥ ወጣቶች በጥቁርና ነጭ የሠሩትን ፊልም ነው። የፊልም ቡድን አንድ ነፍሰ ገዳይን እየተከተለ ይቀርጻል። ሰውዬው ተጫዋች ነው፣ ይጋብዛል፣ ግጥም ይወዳል። እናቱ ሆና የምትታየው የተዋናዩ የገዛ እናቱ ናት። በልጇ ስትኮራ ፊቷ ላይ የሚታየው ደስታ ትወና አይመስልም። የኮምቦልቻው ሰው አእምሮ ውስጥ ከፊልሙ ሁሉ የቀረው ያ የእናት ፊት ነው። እኔም እስማማለሁ። ግድያውን አንድ ሰው በደንብ ሊያቀናብረው ይችላል። የእናትን ኩራት ግን ማቀናበር ከባድ ነው።

ቁጥር 6 ግን ዱላውን ይዞ መጣ። ይህ ሁሉ ለፈረንጅ ነው አለ። ደሴ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ቀን ከደጅ ካልታየ ጎረቤት ይጠይቃል። ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ የቤቱ ጓዳ ጎድጓዳ ይታያል። ሽታ ቢኖር ሽታው፣ ጩኸት ቢኖር ጩኸቱ አይደበቅም። ፊልሙን የሚያይ የደሴ ሰው ይስቃል እንጂ አይፈራም ብሎ ደመደመ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር። ክርክሩ ግን ቁም ነገር አለው። የልጁን ሁለተኛ ጥያቄ በትክክል የያዘው እሱ ነው።

ቁጥር 7 በትሕትና መለሰለት። ከፊልም ወጥቶ እውነተኛ ሰው ጠራ፤ ዴኒስ ሬደርን። አሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት፣ ዊቺታ አካባቢ። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1991 ባለው ጊዜ 10 ሰዎች ገድሏል። የተያዘው በ2005 ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ሚስት ነበረችው፣ ሁለት ልጅ አሳድጓል። የቤተ ክርስቲያኑ ምክር ቤት ሰብሳቢ ነበር። ለብዙ ዓመታት ቤት ለቤት እየዞረ የሌባ ማንቂያ ደወል በሚገጥም ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። ኋላ ደግሞ ደንብ አስከባሪ ሆነ። የሰው ሣር ረዘመ፣ የሰው ውሻ ተለቀቀ እያለ ይዞር ነበር። ያስያዘው ለቴሌቪዥን ጣቢያ የላከው ፍሎፒ ዲስክ ነው። ከዲስኩ ላይ የተሰረዘ ሰነድ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ስምና የሱ ስም ተገኘ። እንግዲህ ይህ ሰው ጎረቤት ያጣ ሰው አልነበረም አለ ቁጥር 7። ሁሉም ያውቀው ነበር።

ቁጥር 8 የኔ ነው። ቁጥር 6ንም ቁጥር 7ንም አንብቤ ያልኩት ይህን ነው። የአሜሪካኑን ፊልም ደሴ ላይ መገልበጥ አያዋጣም፤ እዚህ ላይ ቁጥር 6 ልክ ነው። አጥሩና ጋራዡ ለኛ አይሠራም። የኛን ገዳይ የሚደብቀው አጥር ሳይሆን አመኔታ ነው። ጎረቤት ሳያንኳኳ መግባቱን ፊልሙ ችግር አድርጎ መሸሽ የለበትም። ይግባ። ቡና ይጠጣ። ተመልካቹ የሚያውቀውን ጎረቤቱ አያውቅም፤ ፍርሃቱ ሁሉ እዚያ ስኒ ላይ ነው።

ከዚያ ጡረታ የወጡ መምህርት ገቡ፤ ቁጥር 9። ፊልም ብዙም እንደማያዩ ተናገሩ፤ ግን የጻፉት ከሁላችንም የበለጠ ፊልም ነው። ቁጥር 7 ላይ ያለው ሰው የቤተ ክርስቲያን ሰብሳቢ ከነበረ፣ ደሴ ላይ ቢኖር የእድር ጸሐፊ ነበር የሚሆነው አሉ። ነገሩን ዘርግተው አስረዱን። ንጋት ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ጸሐፊው ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ድንኳኑን ያስተክላል፣ አግዳሚውን ያስቆጥራል። ንፍሮው ሲዞር ለራሱ ሳይዘግን ለሰው ያዘግናል። ሟቹ በእውነት እንዴት እንደሞተ ከሱ በስተቀር የሚያውቅ የለም። አመሻሽ ላይ ቤቱ ገብቶ መዝገቡን ይከፍታል። የሟቹን ስም ይፈልጋል። ማስመሪያ አስደግፎ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ስሙ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። መስመሩ እንዳይዛነፍ ይጠነቀቃል። ከዚያ ያላዋጡትን ሰዎች ዝርዝር ማየት ይጀምራል።

ይህን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። አንዲት ጠብታ ደም የለበትም። ማስመሪያዋ ብቻ በቂ ናት።

ግን ሁሉም እንደኔ አላየውም። ቁጥር 10 ተቆጣ። እድር የድሃ መቀበሪያ ነው፣ የቀረን አንድ የጋራ ነገር እሱ ነው፣ እሱን የገዳይ መደበቂያ አድርጎ ማሳየት ነውር ነው አለ። ቁጥር 11 ባሰበት፤ መምህርቷን ስለ ዕድሜያቸው የማይባል ነገር ተናገራቸው። ቁጥር 12 ገሠጸው። ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል፣ ሐሳባቸውን ካልወደድክ ሐሳባቸውን ተቃወም አለው። ቁጥር 11 ጽሑፉን አጠፋ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም። መምህርቷ ለቁጥር 10 ብቻ መለሱ፣ ያውም በለስላሳ ቃል። እሳቸው ራሳቸው የእድር አባል ናቸው። ባለቤታቸውን የቀበረው እድር ነው። ታሪኩ የሚያስፈራው እድር መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን መልካም ስለሆነ ነው፤ መጥፎ ነገር ውስጥ መጥፎ ሰው ቢገኝ ማን ይደነግጣል አሉ። ቁጥር 10 አልተስማማም፤ ድምፁ ግን ረገበ። እኔ በዚህ ከመምህርቷ ጋር ነኝ። የቁጥር 10ን ስጋት ግን ንቄ አላልፈውም። ጸሐፊው ክፉ ሆኖ እድሩ ደግ ሆኖ ካልታየ ፊልሙ ይበላሻል።

ቀጥሎ ስለ ሃይማኖት ሁለት ሦስት መልስ ነበር። ስለ ግድያ ማሰብ ራሱ ክፉ መንፈስ ይጠራል የሚሉ ነበሩ፤ በአክብሮት ተመለሰላቸው፣ በአክብሮትም ወጡ።

ቁጥር 16 ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠራ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ይህ ሰው ባይገባ ክሩ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ሁላችሁም ስለ ገዳዩ ታወራላችሁ፤ ካሜራው ለምን እንደበራ የጠየቀ የለም አለ። በዚህ ዘውግ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ሰው ሲሮጥ፣ ሲታገል፣ ሲያለቅስ ለምን ስልኩን አይጥለውም? ምክንያቱ ካልታመነ ሌላው ሁሉ አይታመንም። «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ላይ ጫካ የገቡት ወጣቶች ስለ አንዲት ጠንቋይ ዘጋቢ ፊልም እየሠሩ ነበር። የሳንዲያጎዎቹ ሲተኙ ቤታቸው ውስጥ የሚሆነውን ለማየት ካሜራ ተከሉ። የቤልጂየሙ ሰው ራሱን የሚያደንቅለት ቡድን አለው። የደሴው የእድር ጸሐፊ ለምን ይቀርጻል? ቀራጩ የራሱን መልስም ሰጠ። ድሮ በየቤቱ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተደርድሮ የነበረውን የሰርግ ካሴት አስታወሰን። ጥጉ ላይ ቀንና ሰዓት የሚቆጥረው፣ መብራቱ ፊት ላይ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጨፍንበት፣ ሙሽሮቹ በልብ ቅርጽ ውስጥ ብቅ የሚሉበት። ገዳዩ የሰፈሩ ሰርግ ቀራጭ ይሁን አለ። የየሰዉ ቤት መግቢያ መውጫ በእጁ ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቁጥር 18 ላይ የመጣው ግን በለጠው። ጸሐፊዋ ጅዳ የነበረች፣ አሁን ኮምቦልቻ የምትኖር ሴት ናት። አረብ አገር ሳለች ቤተሰቧ ቪዲዮ ይልክላት ነበር። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ስንት ነው! ስልኩ ረከቦቱ ላይ ይደገፋል። ቡናው ይፈላል። የመጣ ጎረቤት ሁሉ ጎንበስ ብሎ ወደ ስክሪኑ ይጠጋና ሰላም ይላታል፣ መቼ ነው የምትመጪው ይላታል፣ ይመርቃታል። አዲስ የተሠራው ክፍል፣ የተገዛው ፍሪጅ፣ የታናሽ ወንድም ምርቃት ሁሉ ይቀረጽላታል። እንግዲህ ጸሐፊው እህት ጅዳ ትኑረው አለች። ለሷ ነው የሚቀርጸው። ካሜራው ቀኑን ሙሉ ቢበራ የሚጠይቀው የለም። ጎረቤት እንኳን ሊጠረጥር፣ እየተሽቀዳደመ ይቀረጽለታል።

እዚህ ላይ ቁጥር 6 ተመልሶ መጣ። ያው ተቆጥቶ የነበረው። አሁን አመንኩ ብሎ ጻፈ። ጎረቤት ሳያንኳኳ ገብቶ ለካሜራው ፈገግ ካለ፣ የሱ ተቃውሞ መልስ አግኝቷል። ሴትዮዋ ግን ገና አልጨረሰችም። ቪዲዮውን የሚያገኘውስ ማነው? እህቱ ራሷ ናት። ጅዳ ሆና አንድ ቀን ከስልኳ የቆዩ ቪዲዮዎች ታወጣለች። ናፍቋት ነው የምታየው። የዛሬ ዓመት ሰላም ያላት ጎረቤት ሞታለች፤ ያኔ በበሽታ ነው ተብሎ ተነግሯታል። ቪዲዮውን ደግማ ታያለች። ከጎረቤቷ ትከሻ ጀርባ፣ ጓዳው በር ላይ፣ ወንድሟ ቆሟል። ሌላ ቪዲዮ ትከፍታለች። ሌላ ሰው ሰላም ይላታል። ጓዳው በር ላይ ወንድሟ ቆሟል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ገባ፤ አብዛኛው ያደነቀ ነው። ቁጥር 21 ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘ። የደሴ ልጅ ናት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እዚያው ነበረች። በስልክ የተቀረጸ የሰው ሞት አይታለች፤ ሁላችንም በቴሌግራም በፌስቡክ አይተናል አለች። እሱ ፊልም አልነበረም። የሚንቀጠቀጥ ስልክ፣ የሚያለከልክ ሰው፣ ጨለማ፤ እናንተ ዘውግ የምትሉት የኛ ትዝታ ነው አለች። ጽሑፏ አጭርና የተቆጣ ነበር። ማንንም አልሰደበችም። ለሰዓታት ማንም ምንም አልጻፈም።

መጀመሪያ የመለሰው ክሩን የከፈተው ልጅ ነው። ሰበብ አላበዛም። ፊልሙ ውስጥ አንድም ሰው ካሜራ ፊት አይሞትም ብሎ ቃል ገባ። የኮምቦልቻው ፊልም አዋቂ ደግሞ ቁጥር 23 ላይ ከቺካጎው «ሄንሪ» ፊልም አንድ ነገር አነሳ። በ110,000 ዶላር ገደማ የተሠራ ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ገዳዮች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ራሳቸው የቀረጹትን በቴሌቪዥን ያያሉ፤ አንደኛው መልሶ ማየት ይፈልጋል። ከግድያው ይልቅ መልሶ ለማየት መፈለጉ ነው የሚያንገሸግሸው። እና እኛም ቪዲዮውን የምታየዋን እህት ፊት እናሳይ፣ የምታየውን ሁሉ አናሳይ አለ። ቁጥር 21 ፊልሙን እንደማታየው ጻፈች፤ ይሠራ ግን አትቃወምም። ለኔ ይህ ከሁሉ የከበደ ፈቃድ ነው። ሠሪዎቹ ሊያከብሩት ይገባል።

ቁጥር 24 እና 25 ስለ ማስታወቂያ ተጨቃጨቁ። ቁጥር 24 የ1999ኙ ፊልም እንዳደረገው፣ የጠፋ ሰው ፎቶ በየፖሉ እንለጥፍ አለ። ያኔ የአንዷ ተዋናይ እናት ልጅሽ ሞታለች ተብላ የማጽናኛ ካርድ ደርሷታል። ቁጥር 25 ጮኸበት። ወሎ ውስጥ ልጃቸው በባሕር ወጥቶ ወሬው የጠፋባቸው እናቶች አሉ። በጦርነቱ የጠፉ አሉ። የሐሰት ፎቶ ለጥፎ ሰውን ለቅሶ መጥራት ወንጀል ነው አለ። ቃሉ ከባድ ነበር፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ከሱ ጋር ነኝ። ፎቶ የሚባል ነገር አይለጠፍ።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። ቁጥር 27 ፊልሙ ኮምቦልቻ ይቀረጽ አለ፤ ሙቀቱ፣ ቦርከና ወንዝ፣ ማታ ማታ በር ላይ የሚቀመጠው ሰው ይመቻል። የደሴ ልጆች ተነሱበት። ክረምት ላይ ከጦሳ የሚወርደው ጉም እያለ ማን ኮምቦልቻ ይወርዳል አሉ። ስለ ሐረጎ መንገድ፣ ስለ ሚኒባስ ሹፌሮች፣ ስለ ድሮ ቪዲዮ ቤቶች ተወራ። ከተሞቹ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው፤ ክርክሩ ግን አላልቅ አለ። ከዚያ ሁሉ ያተረፍነው አንድ ነገር ነው። ቁጥር 31 እንዳለው ጉም ደሴ ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ በስልክ ካሜራ ግን ነጭ ግድግዳ ይመስላል፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ጥቁር ነገር፣ ለምሳሌ ጋቢ የለበሰ ሳይሆን ጃንጥላ የያዘ ሰው ካልገባበት ምንም አይታይም።

ስለ ንግግሩም ተነስቷል። ቁጥር 33 ተዋናዮቹ እንደ ቴሌቪዥን ድራማ እንዳያወሩ ለመነ። ደሴ ላይ ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል። ስክሪፕት ተጽፎ ከተሸመደደ ያ ይጠፋል። ሁኔታውን ብቻ ንገሯቸው፣ የሚሉትን እነሱ ይበሉ። በዚህ ሁሉም ተስማማ።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። መምህርቷ ጎረቤቷን ሆነው ለመሥራት ፈቅደዋል፤ እድራቸውን አስፈቅደው ባዶ መዝገብ እንደሚያመጡም ነግረውናል፣ የእውነት ስም ግን አይገባበትም። ሰርግ ቀራጩ ልብስ ላይ የምትሰካ ማይክ በሥራ ቀን ያውሳል፤ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ አለበት። ማይኳ ከምንም በላይ ታስፈልጋለች። ብዥ ያለ ምስል ተመልካች ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። ልጁ መጀመሪያ የአሥር ደቂቃ ሙከራ እንዲሠራ መክሬዋለሁ፤ ቡናው፣ ሰላምታው፣ መዝገቡ፣ ሌላ ምንም።

አንድ ነገር ግን አልተሞላም። እህቲቱ ከጅዳ የምትልካቸው የድምፅ መልእክቶች አልተጻፉም። ቁጥር 18 ብቻዋን አልችልም ብላለች። አረብ አገር ሠርታችሁ የምታውቁ፣ ማታ አሠሪ ሲተኛ ቀስ ብላችሁ ወደ ቤት ድምፅ የላካችሁ፣ እባካችሁ ከዚህ በታች ጻፉ። ስለ ፊልሙ ምንም ባታውቁ ግድ የለም። ለወንድማችሁ ምን ትሉት ነበር? በምን ቃል ትጀምሩ ነበር?